የተወደደ መጽሐፍ ቅጥያና የዳኞች ምርጫ

አንድ ሰው የወደደውን የፍቅር ታሪክ አንብቦ ከጨረሰ በኋላ መጽሐፉን ከድኖ ዝም ማለት የሚያቅተው ጊዜ አለ። «ከዚያ በኋላስ ምን ሆኑ?» ይላል፤ ወይም «ያን ደብዳቤ ባትቀበለው ኖሮስ?» ብሎ ያስባል፤ ሐሳቡም ሲበረታበት ብዕር አንሥቶ ቀሪውን ራሱ ይጽፈዋል። በዚህ መንገድ የተጻፈውን ድርሰት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ፋን ፊክሽን» ይሉታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ቅጥያ ድርሰት» ወይም ባጭሩ «ቅጥያ» እያልን እንጠራዋለን፤ በነባር ታሪክ ላይ የሚቀጠል ስለ ሆነ ነው። «ልብ ወለድ» የሚለው ስያሜ ራሱ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮማ ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ አርእስት መሆኑን የሚያስታውስ አንባቢ፥ ለነገሩ ስም ማውጣታችንን እንደ ድፍረት አይቈጥርብንም ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ርእሱ ሰፊ ስለ ሆነ ወሰን አበጅተንለታል። የጠፈር ጉዞና የአስማት ታሪክ ቅጥያዎችን ትተን፥ ባለፈ ዘመን ውስጥ የተቀመጠ የፍቅር ታሪክን የሚቀጥሉትንና የሚለውጡትን ብቻ እንመረምራለን። ከእነዚህም ይልቁን ዳኞች አይተው የመረጧቸውን እንወስዳለን። የፍቅር ታሪክ ዳኛ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «ድርሰቱ ልብ ይነካል ወይ?» ተብሎ ነው። ታሪኩ ባለፈ ዘመን ሲቀመጥ ግን በዚያ ዘመን በእውነት የኖሩና በእውነት የሞቱ ሰዎች ከልብ ወለዱ ሰዎች ጋር አብረው ይገባሉ፤ የእነርሱም ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ አንባብያን ናቸው። በአሜሪካ ትልቅ ይባል የነበረው የፍቅር ድርሰት ሽልማት ከ2015 እስከ 2021 ባለው ጊዜ ሁለት ጊዜ በዚሁ ነገር ተሰናክሏል። ወደ እርሱ ከመድረሳችን በፊት የነገሩን ሥር ማየት ይገባናል።

ቅጥያ ድርሰት የዘመናችን ልጆች ያመጡት ፈሊጥ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይህ ስሕተት ነው። እንግሊዛዊቱ ደራሲ ጄን ኦስተን (1775-1817) «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» የተባለውን መጽሐፏን በ1813 ካሳተመች በኋላ፥ ቤተ ዘመዶቿ ሲጠይቋት ከመጽሐፉ ውጭ የሆነውን ነገር ትነግራቸው ነበር። የወንድሟ ልጅ ጄምስ ኤድዋርድ ኦስተን ሊ በ1870 ባወጣው የሕይወት ታሪኳ እንደ ጻፈው፥ ከአምስቱ የቤኔት እኅትማማቾች አንዷ ኪቲ በፔምበርሊ አቅራቢያ የሚኖር ቄስ አገባች፤ ሜሪ ደግሞ ከአጎቷ የሕግ ቢሮ ጸሓፊዎች ከአንዱ የተሻለ ባል አላገኘችም። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ቀጣይ ባለቤቲቱ ራሷ ነበረች ማለት ይቻላል።

ከእርሷም በኋላ ሥራው ከቤተሰቡ አልወጣም። ደራሲዪቱ «ዘ ዋትሰንስ» የተባለ ድርሰት ጀምራ ሳትፈጽመው ቀርታ ነበር። ካትሪን ሃባክ የምትባለው የወንድሟ ልጅ ይህንኑ መነሻ አድርጋ በ1850 «ዘ ያንገር ሲስተር» የተባለ ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመች። ነባሩ ቍራጭ ራሱ የታተመው በ1871 ስለ ሆነ፥ ቅጥያው ከመነሻው 21 ዓመት ቀድሞ ወጣ። አና ሌፍሮይ የተባለችውም ሌላዋ የወንድሟ ልጅ በሞት ምክንያት የተቋረጠውን «ሳንዲተን» ለመቀጠል ሞክራ ነበር፤ እርሷም ሳትፈጽመው ቀረች፤ የጻፈችውም የታተመው በ1983 ነው። ከቤተሰቡ ውጭ ስመ ጥር የሆነችው ሲቢል ብሪንተን ናት፤ በ1913 የስድስቱን መጻሕፍት ሰዎች በአንድ ታሪክ ውስጥ ሰብስባ እርስ በርሳቸው አጋባቻቸው። ነገሩ ሠርግ ሲበዛበት ትንሽ እንደሚያሰለች ሳንደብቅ እንናገራለን።

እነዚህን ቅጥያዎች በብዛት ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። የተሻሉት ቅጥያዎች ታሪኩን የሚያንቀሳቅሱት በገጸ ባሕርያቱ ስሜት ብቻ ሳይሆን በዘመኑ ሕግና ልማድ ነው። ለምሳሌ ያህል በእንግሊዝ አገር የደብዳቤን ዋጋ እስከ 1840 ድረስ ይከፍል የነበረው ብዙ ጊዜ ተቀባዩ እንጂ ላኪው አልነበረም። ደግሞም ያልተጫጩ ወንድና ሴት መጻጻፋቸው ነውር ስለ ነበር፥ በኦስተን መጽሐፍ ውስጥ ዳርሲ ያን ታላቅ ደብዳቤ በፖስታ አይልከውም፤ ከመናፈሻው መንገድ ላይ ጠብቆ በእጁ ይሰጣታል። ሌላ ሰው ቢያይስ? ደብዳቤው ቢወድቅስ? ባታነበውስ? በዚህች በአንዲት ጥያቄ ላይ ብቻ ስንት ቅጥያ እንደ ተጻፈ ቈጥሮ መጨረስ አይቻልም።

የጋብቻውም ሕግ እንዲሁ ነው። በ1753 የወጣው የእንግሊዝ የጋብቻ ሕግ፥ ዕድሜው 21 ዓመት ያልሞላ ሰው በፈቃድ ወረቀት ሲያገባ የወላጅ ስምምነት እንዲኖረው ያስገድድ ነበር። ሕጉ በስኮትላንድ አይሠራም ነበርና ልባቸው የተቃጠለ ወጣቶች ድንበር ተሻግረው ግሬትና ግሪን በምትባለው መንደር ይጋቡ ነበር። ትንሿ ሊዲያ ቤኔት ከዊካም ጋር ስትጠፋ የቤተሰቡ ተስፋ ወደዚያው በሄዱ የሚል ነው፤ ሁለቱ ግን ሳይጋቡ ለንደን ውስጥ መቀመጣቸው ሲሰማ ቤቱ ይሸበራል። ፍቺን የተመለከትን እንደ ሆነ ደግሞ፥ እስከ 1857 ድረስ ከፍቺ በኋላ ሌላ ማግባት የሚያስችለው በፓርላማ የሚወጣ የግል ሕግ ብቻ ነበር፤ ይህም የባለጸጎች ነገር ነው። ከዚህ የተነሣ «ሳይወዱ በግድ የተጋቡ» የሚባለው የቅጥያ ዐይነት እጅግ የተወደደ ሆነ። ሁለት ሰዎች በአንድ አጋጣሚ ስማቸው ይጐድፋል፤ ክብር ለማዳን ይጋባሉ፤ ከዚያ በኋላ መውጫ በር የለም፤ ፍቅርም በተዘጋው ቤት ውስጥ ቀስ በቀስ ይመጣል። ዛሬ በቀላሉ መፋታት በሚቻልበት አገር ይህ ታሪክ ቢቀመጥ በሦስተኛው ምዕራፍ ያልቅ ነበር።

ያልተዋጣለት ቅጥያ የሚታወቀውም በዚሁ በኩል ነው። በኦስተን መጽሐፍ የዳርሲን የክርስትና ስም የምናገኘው ከደብዳቤው ፊርማ ነው፤ ኤልሳቤጥ በዚያ ስም ስትጠራው አንሰማም። በብዙ ቅጥያዎች ግን ሁለቱ በተዋወቁ በሳምንቱ በስም ይጠራራሉ። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ዘንድ «እርስዎ» ሲባባሉ የቈዩ ወንድና ሴት መጀመሪያ «አንተ» እና «አንቺ» የተባባሉባት ሰዓት ራሷ አንድ ምዕራፍ ትሆናለች። ጸሐፊው ያችን ሰዓት ሳያስተውል ካለፋት የታሪኩን ግማሽ ጥሎታል።

መቸም ስለ መዋስ ሲነገር ጆርጄት ሄየርን (1902-1974) ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ከ1811 እስከ 1820 የነበረው የእንግሊዝ የእንደራሴነት ዘመን የፍቅር ድርሰት መልኩን ያገኘው ከእርሷ ነው፤ በዚያ ዘመን ያስቀመጠችው «ሪጀንሲ በክ» በ1935 ታተመ። ሄየር ከራሷም ትዋስ ነበር፤ በ1921 የታተመውን የመጀመሪያ መጽሐፏን ሰዎች ስማቸውን ለውጣ በ1926 በሌላ መጽሐፍ አስነሥታቸዋለች። በ1950 ግን አንዲት ሌላ ስመ ጥር ደራሲ የገጸ ባሕርያቷን ስምና ጠባይ እንደ ወሰደችባት አንባቢ አስታወቃት። ሄየር የተወሰደውን ነገር አንድ በአንድ ለቅማ ጻፈች፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ሳይደርስ ቀረ። እርሷን ይበልጥ ያናደዳት ስርቆቱ ብቻ አልነበረም፤ ወሳጂቱ የዘመኑን ቃላት ወስዳ ትርጉማቸውን ሳታውቅ መጻፏም ጭምር ነው እንጂ። እኛም በዚህ ከሄየር ጋር እንስማማለን፤ ሰው የወደደውን ቢወስድ፥ የወሰደውን ነገር ለማወቅ ደግሞ ሊደክምለት ይገባል።

አሁን ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ እንሻገር። የማርጋሬት ሚቸል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» በ1936 ታትሞ በ1937 የፑሊትዘር ሽልማት ዳኞች መርጠውታል። ለአገራችን አንባቢ መጽሐፉ እንግዳ አይደለም፤ አቶ ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን በእስር ላይ ሳሉ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተርጕመውት፥ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል አርእስት ታትሟል። አንድ መጽሐፍ በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ እስኪጻፍ ድረስ መወደዱን ስናስብ፥ ሌሎች ሰዎች ተከታይ ሊጽፉለት መድከማቸው አያስደንቀንም። ሚቸል ግን ስካርሌት ሬትን መልሳ ታገኘው እንደ ሆነ ቢለምኗትም ተከታይ አልጽፍም ብላ በ1949 መኪና ገጭቷት ሞተች።

ወራሾቿ ከብዙ ዘመን በኋላ ፈቀዱ። በፈቃዳቸው የተጻፈው የአሌክሳንድራ ሪፕሊ «ስካርሌት» በ1991 ወጥቶ በሚሊዮን ተሸጠ፤ ኀያስያን ግን ክፉኛ ነቀፉት። የታሪኩ ሰፊ ክፍል ወደ አየርላንድ ይሄዳል። በእኛ አስተያየት ይህ ጉዞ ለደራሲዪቱ ጠቅሟታል፤ ከባርነት ነጻ የወጡት ሰዎች በጆርጂያ ምን እንደ ደረሰባቸው ከመጻፍ አድኗታልና። ሌላው ፈቃድ ያለው ቅጥያ በ2007 የወጣው የዶናልድ ማኬግ «ሬት በትለርስ ፒፕል» ነው፤ ታሪኩን ከሬት ወገን ይናገራል።

ያለ ፈቃድ የመጣው ግን ከሁለቱም ይልቅ ብዙ አነጋገረ። ጥቍር አሜሪካዊቷ አሊስ ራንዳል በ2001 «ዘ ዊንድ ደን ጎን» የተባለ መጽሐፍ ጻፈች። ተራኪዋ ሲናራ ትባላለች፤ የእርሻው ጌታ ከባሪያይቱ ሞግዚት የወለዳት የስካርሌት እኅት ናት። በነባሩ መጽሐፍ ከጓዳ ወደ ሳሎን ትሪ ይዘው ሲመላለሱ የምናያቸው ሰዎች በዚህኛው ሐሳብና ምኞት፥ ፍቅርና ቅናት አላቸው። የሚቸል ውርስ አስተዳዳሪዎች ከሰሱ፤ አትላንታ የነበረው ፍርድ ቤትም መጽሐፉ እንዳይወጣ ከለከለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በዚያው ዓመት ግንቦት ወር እገዳውን አነሣ፤ ነባሩን ሥራ ለመተቸት የተጻፈ መዋስ በሕግ ጥበቃ ሊያገኝ እንደሚችል በዝርዝር አስረዳ። በ2002 ተከራካሪዎቹ ሲታረቁ አሳታሚው በአትላንታ ለሚገኘው ለሞርሃውስ ኮሌጅ ገንዘብ እንዲለግስ ተስማሙ። በዚህ ጊዜ የድርሰቱ ዳኛ የሆኑት ካባ የለበሱ ዳኞች ነበሩ፤ እኛ ካየናቸው የሽልማት ዳኞች ከአንዳንዶቹ ይልቅ መጽሐፉን አጥብቀው ያነበቡም ይመስለናል።

የሽልማት ዳኞች ቅጥያን መምረጣቸው ደግሞ ብርቅ አይደለም። ጂን ሪስ የሻርሎት ብሮንቴን «ጄን ኤር» (1847) አንብባ፥ ከሰገነቱ ላይ ተቈልፎባት የምትጮኸው የጃማይካዪቱ ሚስት ሳታብድ በፊት ማን ነበረች ብላ ጠየቀች። መልሱን በ1966 «ዋይድ ሳርጋሶ ሲ» በሚል መጽሐፍ አቀረበች፤ በ1967ም የደብሊው ኤች ስሚዝ ሽልማት ተሰጣት፤ ያን ጊዜ ደራሲዪቱ አርጅታ ነበር። ማደሊን ሚለርም የሆሜርን «ኢልያድ» ወስዳ፥ የአኪሌስንና የፓትሮክለስን ታሪክ የፍቅር ታሪክ አድርጋ ለመጻፍ አሥር ዓመት ያህል ደክማ በ2011 አሳተመች፤ በ2012 የኦሬንጅ ሽልማት ዳኞች 30,000 ፓውንድ የሚያስገኘውን ሽልማት ሰጧት። ሁለቱም ጸሐፊዎች ዐዲስ ሰው አልፈጠሩም። ነባሩ መጽሐፍ ላይ በአንድ ጥግ የተቀመጠን ሰው አንሥተው መብራት አበሩለት እንጂ።

ወደ አስቸጋሪው ክፍል ደርሰናል። የአሜሪካ የፍቅር ድርሰት ጸሐፊዎች ማኅበር በ1980 ተቋቋመ፤ ከመሥራቾቹ አንዷ ቪቪያን ስቲቨንስ የተባለች ጥቍር አርታኢ ነበረች። ማኅበሩ ከ1982 ጀምሮ በየዓመቱ ሽልማት ይሰጥ ነበር፤ ሽልማቱም በ1990 በመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ስም «ሪታ» ተባለ። ዳኞቹ ራሳቸው ደራሲዎች ናቸው። እያንዳንዱ ዳኛ የደረሰውን መጽሐፍ ለብቻው አንብቦ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ ይደመራል፤ ከፍተኛ ያገኙት ለመጨረሻው ዙር ይቀርባሉ። አሠራሩ ሲታይ እኩልነት ያለው ይመስላል። ነገር ግን ዳኞቹ ተቀምጠው ስለማይወያዩ፥ አንዱ ያላየውን ነውር ሌላው የሚነግረው መንገድ የለም። ጥቍር ደራሲዎች ይህን ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙት በ2019 ሲሆን፥ ይህም ሽልማቱ ከተጀመረ በ37 ዓመቱ መሆኑ ነው።

በ2015 ለመጨረሻው ዙር ከቀረቡት መካከል በሁለት ክፍል የታጨ የኬት ብሬስሊን «ፎር ሳች ኤ ታይም» የተባለ መጽሐፍ ነበረ። ይህ በመሠረቱ የመጽሐፈ አስቴር ቅጥያ ነው። አስቴር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የምትኖር አይሁዳዊት ትሆናለች፤ በአርጤክስስ ቦታ የገባው ደግሞ የቴሬዝየንሽታት ማጎሪያ አዛዥ የሆነ የናዚ ኤስ ኤስ መኰንን ነው፤ ሁለቱም ይዋደዳሉ፤ ሴቲቱም እያደር ወደ ክርስትና ታዘነብላለች። ወደ ቴሬዝየንሽታት 140,000 ያህል አይሁድ ተወስደዋል፤ 33,000 ያህሉ እዚያው ሞቱ፤ ከ80,000 በላይ የሆኑት ወደ ሌሎች ማጎሪያዎችና መግደያ ቦታዎች ተጫኑ። አይሁዳውያን አንባብያን በግልጽ ደብዳቤ ተቃወሙ። መጽሐፉ በመጨረሻ አልተሸለመም፤ ነገር ግን ያን ያህል ዳኛ አልፎ እዚያ መድረሱ አልተረሳም።

ስሕተቱ የቱ ላይ ነው? በመካከላችን ብዙ ተከራክረንበታል። ከእኛ አንዱ «አርጤክስስም እኮ የሐማን ዐዋጅ በቀለበቱ አትሞ የፈቀደ ንጉሥ ነው፤ ታዲያ ደራሲዪቱ ከመጽሐፉ ምን ለወጠች?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የደረስንበት መልስ የሚከተለው ነው። በመጽሐፈ አስቴር ንጉሡና አስቴር እንደ ተፋቀሩ ሆኖ የሚተረክ ነገር የለም፤ አስቴር ወደ ንጉሡ የምትገባው ብጠፋም ልጥፋ ብላ ነው፤ የታሪኩ ዋና ነገርም የሕዝቧ መዳን ነው። የፍቅር ድርሰት ልማድ ግን ወንዱ በመጨረሻ ይቅር እንዲባልና እንዲወደድ ያስገድዳል። ጸሐፊዋ የአንዱን ዐጽም ወስዳ የሌላውን ሥጋ ስታለብሰው፥ የማጎሪያው አዛዥ ይቅርታ የሚቀበል ባል ሆነ። ሕዝቡ ደግሞ የእርሱ መለወጥ መታያ ሆኖ ቀረ። ቋንቋዋን ሲያዩ፥ የልብ ምት ሲቈጥሩ የቈዩ ዳኞች ይህን መገለባበጥ ሳያስተውሉት አልፈዋል።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ራሱ ታወከ። በ2019 መጨረሻ ኮርትኒ ሚላን የተባለችው ደራሲ አንድ የቈየ ታሪካዊ የፍቅር ድርሰት ቻይናውያንን የሚያሳይበትን መንገድ በመንቀፏ ማኅበሩ ቀጣት፤ ወዲያው ደግሞ ቅጣቱን አነሣ፤ ብዙ አመራሮችም ለቀቁ። ዳኞችና ተወዳዳሪዎች ስለ ሸሹ የ2020 ውድድር ቀረ። ሽልማቱ በቪቪያን ስቲቨንስ ስም «ቪቪያን» ተብሎ ዐዲስ ደንብ ወጣለት።

በዐዲሱ ደንብ የመጀመሪያው ሽልማት በ2021 ሐምሌ ወር መጨረሻ ታወጀ። በመንፈሳዊ ድርሰት ክፍል ያሸነፈው የካረን ዊትማየር «አት ላቭስ ኮማንድ» ነበር። ይህ ቅጥያ ባይሆንም የታሪካዊ ፍቅር ድርሰት ነውና እዚህ እናነሣዋለን። መጽሐፉ የሚጀምረው በዉንድድ ኒ ነው። በዚያ ስፍራ የአሜሪካ ፈረሰኛ ጦር በ1890 ታኅሣሥ 29 ቀን የላኮታ ሕንዶችን ጨፍጭፏል፤ የሟቾቹ ብዛት ከ150 እስከ 300 ይገመታል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የድርሰቱ ጀግና ከዚያ ጦር ውስጥ የነበረ መኰንን ነው፤ በሠራው ተጸጽቶ ከጦሩ ይወጣል፤ ንስሓውም የፍቅሩ መግቢያ ይሆናል። ተቃውሞ በተነሣ በጥቂት ቀን ውስጥ ማኅበሩ ሽልማቱን መልሶ ወሰደ። ማኅበሩም ራሱ በ2024 ዕዳዬን መክፈል አልቻልሁም ብሎ ለፍርድ ቤት አመለከተ።

ሽልማቱን መልሶ መውሰዱን ሁላችንም አልደገፍነውም። ከመካከላችን ሁለቱ፥ ዳኞች የመረጡትን መጽሐፍ አመራር ሊነጥቀው አይገባም ይላሉ፤ ስሕተት ከተፈጸመ መስተካከል የነበረበት ዳኞች ሲመረጡ ነውና። ሌሎቻችን ስሙን የሰጠ ማኅበር ስሙን መመለስ ይችላል እንላለን።

ዳኛ የሌለበትም መንገድ አለ። ቅጥያ ጸሐፊዎች በ2007 ያቋቋሙት ድርጅት ከ2009 ጀምሮ ሥራዎቻቸውን በነጻ የሚያኖር የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ከፍቷል፤ ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉበት። አንባቢው ምስጋናውን ያስቈጥራል፤ ጸሐፊውም ምን ዐይነት ታሪክ እንደ ሆነ አስቀድሞ በምልክት ያስታውቃል። መዝገቡ ራሱ በ2019 ደብሊን ላይ የሁጎ ሽልማት አግኝቷል። የዚህ መንገድ ጉድለት፥ ጽሑፎቹ በምስጋና ብዛት ሲደረደሩ በብዙ ሰው የተወደደው ከላይ መቀመጡ ነው።

ጽሑፋችንን ከመዝጋታችን በፊት እኛም አምስታችን ዳኛ ሆነን ድምፅ ሰጥተናል። ከመስጠታችን በፊት ግን ተቀምጠን ተወያይተናል። ሦስት ድምፅ ያገኘው በ2013 የወጣው የጆ ቤከር «ሎንግቦርን» ነው። በነባሩ መጽሐፍ ኤልሳቤጥ ቤኔት በጭቃ መንገድ ሦስት ማይል ስትሄድ ነጻነቷን እናደንቃለን፤ በዚህኛው ያንን የጨቀየ ቀሚስ በብርድ ውሃ የምታጥበዋን የቤት ሠራተኛ እጅ እናያለን፤ የፍቅሩም ታሪክ የእርሷ ነው። አንድ ድምፅ ለጂን ሪስ ሄደ። አምስተኛው ባልደረባችን ስንወያይ ያልነውን ሁሉ ሰምቶ፥ አምኖም፥ ድምፁን ለ«ስካርሌት» ሰጠ። ምክንያቱን ስንጠይቀው፥ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን በተማሪ ቤት ሳለ ሌሊቱን ሙሉ አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ሬት ተመልሶ ይምጣ አይምጣ እስካሁን ድረስ ሲጨነቅ መኖሩን ነገረን።